የጋፋት መምህራንና የዘመናችን አሠልጣኞች

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት በሕዝባችን ዘንድ የሚታወቀው በመድፍ ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. የተሠራው በዚህ ሥፍራ ሲሆን፣ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ይመለከተዋል። ይሁን እንጂ ጋፋት የመድፍ መሥሪያ ብቻ አልነበረም፤ ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ነበረበት። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ በሙያ ትምህርት ቤት በር ያለፉ ሆነው ሳለ፣ ስለ መድፉ ብዙ ሲነገር ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት መነገሩ ያስገርማል። ይህ ጽሑፍ መድፉን ትቶ መምህሩን ይመለከታል። ማን ቀጠረው? በምን ገንዘብ ኖረ? በማን አመራር ሠራ? ሥራውስ ከእርሱ በኋላ ለምን ተቋረጠ?

ዓፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከውጭ አገር አጥብቀው የፈለጉት የእጅ ባለ ሙያ ነበር። በዚያው ዘመን በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት፣ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ከነበረው ከቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ሚስዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አስቦ ነበር። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የታቀደላቸው ናቸው። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን አስቀድመው መጡ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር ደግሞ ጥቂት ዓመታት ዘግይተው ተከተሏቸው። ላኪው ሰባኪ ልኮ ነበር፤ ተቀባዩ ግን አንጥረኛና አናጢ ተቀበለ። ጋፋት የተመሠረተችው በዚህ የሁለት ሐሳብ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዟቸው ጊዜ ሰዎቹ እንዲህ ያለውን ሙያ እንደማያውቁ ተናገሩ። ትእዛዙ ግን አልተነሣም። ስለዚህ እየሞከሩና እየተሳሳቱ መማር ግድ ሆነባቸው፤ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም ተጨመሩላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። የዚህን ምክንያት መሐንዲስ የሆነ ሰው በቀላሉ ይገምተዋል። መዳብ ለመቅለጥ ከ1,080 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይሻል፤ ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት የመቅለጫው መጠን ዝቅ ይላል እንጂ ችግሩ አይወገድም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በወናፍ የሚነፋው አየር ለከሰሉ የሚሰጠው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ባዝል አጠገብ የተማረ ሰው ጉና ተራራ ሥር ምድጃ ሲያነድ የተማረው ቁጥር አይሠራለትም። የሸክላው ቅርጽ ማውጫ በሚገባ ካልደረቀም የቀለጠው ብረት ሲፈስበት እርጥበቱ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሥራውን ሁሉ ያፈነዳዋል። በመጽሐፍ ያልተገኘ ዕውቀት በዚያ ሥፍራ በእጅ ተገኘ ማለት ነው፤ በእጅ የተገኘ ዕውቀት ደግሞ ሌላ እጅ ካልተቀበለው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

መምህራኑ የሚኖሩት ከንጉሡ ግምጃ ቤት በሚወጣ ብር፣ በቅሎና ቀለብ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርም፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም፣ የገንዘብ ሹሙም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደጋግመው እየመጡ ሥራውን ይመለከቱ ነበር። ለሙያ ትምህርት ያን ያህል ትኩረት የሰጠ የበላይ ኃላፊ በታሪካችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እኔም ይህን ስጽፍ በመደነቅ ነው። ነገር ግን የሚከፈለው ለመድፉ እንጂ ለትምህርቱ አልነበረም። ተማሪው ምን እንዳወቀ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው መድፉ መቼ እንደሚያልቅ ነው። አውሮፓውያኑ በተዉት ማስታወሻ ስለ ምድጃውና ስለ ራሳቸው መከራ በሰፊው ሲጽፉ፣ ወናፉን ስለ ነፋውና ሸክላውን ስላበጀው ኢትዮጵያዊ ወጣት የሚሉት እጅግ ጥቂት መሆኑም ከዚሁ የመነጨ ይመስለኛል።

የገንዘቡ ምንጭ አንድ ሲሆን ምንጩ በደረቀ ጊዜ ሁሉም ይደርቃል። በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ የዓፄ ቴዎድሮስ ግዛት ጠብቦ ከደብረ ታቦር ዙሪያና ከመቅደላ ብዙም አያልፍም ነበር፤ የበጌምድር ገበሬም በወታደሩ ብዝበዛ ተማርሮ ሸፍቶ ነበር። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው የእጅ ባለ ሙያዎችና መሣሪያ እንዲላክላቸው ጠየቁ። የተቀጠሩት ባለ ሙያዎች እስከ ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ በማለቱ ግን ደጋውን ሳይረግጡ ተመለሱ። አንድ የቴክኒክ ትምህርት ዕቅድ በዲፕሎማሲ ጠብ ምክንያት ወደብ ላይ የቀረበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። የጋፋት መምህራን ሠረገላ ሠሪና መንገድ ጠራጊ ሆኑ። ሴባስቶፖል በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል ተሻግሮ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዓፄ ዮሐንስም በበኩላቸው ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አድርገው ነበር፤ የጋፋት ምድጃ ግን ዳግመኛ አልነደደም።

የዋልድማየር የኋላ ሕይወት እዚህ ላይ ሊነገር ይገባዋል። እርሱ ወደ ሊባኖስ ተራሮች ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና መንደር ትምህርት ቤት አቋቋመ። ሰውየው ያው የጋፋቱ ሰው ነው፤ አገሩም እንደ ደብረ ታቦር ተራራማ ነው። ልዩነቱ ከበስተኋላው የእንግሊዝ ኩዌከሮች ማኅበር መኖሩ ነው። ማኅበሩ ኮሚቴ ነበረው፤ የሚልከው ገንዘብም በአንድ ሰው መውደድና መጥላት ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። ዋልድማየር ከትምህርት ቤቱ ተለይቶ ሌላ ሥራ ከጀመረ በኋላም ትምህርት ቤቱ ቀጠለ፤ ዛሬም አለ።

ከጋፋት በኋላ በአገራችን የእጅ ሙያ ከንቀትም ጋር መታገል ነበረበት። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ እያሉ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። መደበኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለማየት ግን ከጠላት ወረራ በኋላ ተግባረ ዕድ እስኪከፈት ድረስ መጠበቅ አስፈልጓል።

በበጌምድር ደጋ ላደገ ወጣት ቅርቡ የሙያ ደጅ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነበር፤ ከደብረ ታቦር በመኪና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የእርሻ መካኒክ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ሙያተኞችን አፍርቷል። ይህ ተቋም እንደ ጋፋት አልጠፋም። ዕጣው ከዚያ የተለየ ነበር፤ ከፍ አለ። የምሕንድስና ፋኩልቲ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ወጣው። ዕድገቱን የሚቃወም የለም፤ እኔም የዚህ ዓይነቱ ዕድገት ተጠቃሚ ነኝ። ነገር ግን ተቋሙ ዲግሪ መስጠት ሲጀምር የመካከለኛ ሙያተኛው መምህር በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ዕውቅናው ለጥናት ጽሑፍ እንጂ ለንጹሕ ብየዳ አይሰጥም። የወርክሾፑ ሰው ወይ ዲግሪ ፍለጋ ይሄዳል፣ ወይ ረዳት ሆኖ ይቀራል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲና የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 391 በየዞኑና በየወረዳው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እንዲስፋፉ መንገድ ከፈቱ። የኮሌጆቹ ወጪ በዋናው በክልሉ ላይ ወደቀ። በዚህ ላይ ከበላይ ያለው አመራር ሳይረጋጋ ቆየ። ዘርፉ ከትምህርት ሚኒስቴር በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ። እያንዳንዱ ዝውውር የየራሱ ምክንያት ይኖረዋል። የኮሌጁ ዲን ግን በየጊዜው አዲስ የሪፖርት ቅጽ ይሞላል፤ አሠልጣኙም የደረጃ ዕድገት ጥያቄውን ለአዲስ ሹም እንደገና ያስረዳል።

የበጀቱን ነገር ኮሌጅ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ደመወዝ ይከፈላል፤ አላቂ ዕቃ ግን አይበቃም። ብየዳ የሚማር ሠልጣኝ ኤሌክትሮድ ማቃጠል አለበት፤ ላሜራና ቶንዲኖ መቁረጥ፣ ማበላሸት፣ እንደገና መቁረጥ አለበት። እጅ የሚሠለጥነው በማበላሸት ነው፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ማበላሸት ብክነት ይባላል። ስለዚህ አሠልጣኙ ዕቃውን ይቆጥባል፤ ለ20 ሠልጣኞች አንዴ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ የሙያ ብቃት ምዘናው ሲመጣ ለምን ብዙዎቹ ወደቁ ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው። የውስጥ ገቢ የሚባለውም መፍትሔ ለጋፋት የቀረበ ነው። ኮሌጁ ወንበርና በር እየሠራ ይሸጣል፤ ገበያው ሲጠራ የሚፈለገው ደግሞ ፈጣን እጅ ስለሆነ በሩን የሚሠራው አሠልጣኙ ራሱ ወይም አንድ የተካነ ሠልጣኝ ይሆናል። ሌሎቹ ያያሉ።

ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ ይሰጥ የሚለው የትብብር ሥልጠና ደንብ የተወሰደው ፋብሪካ ከበዛበት አገር ነው። በጀርመን አገር ሠልጣኙን የሚቀበለውና ወጪውን የሚሸከመው ድርጅቱ ነው። ከፋርጣ እስከ ጋይንት ባለው ደጋ ግን ያለው የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት፣ ጋራዥና የግንባታ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ሁለት ሠራተኛ ይዞ ዐሥር ሠልጣኝ እንዲቀበል ይጠየቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ከዋና ዋና ዓላማዎቹ አንዱ የሙያ መምህሩን ደመወዝ እንዲሸፍን በሕጉ ተደነገገ፤ ግዛቶቹም በዚያው ልክ እንዲያዋጡ ተገደዱ። መምህሩ በሕጉ ውስጥ በስሙ ተጠራ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሕጉ ስለ ተቋሙና ስለ ሠልጣኙ ብዙ ሲል፣ የአሠልጣኙ የማስተማሪያ ሰዓትና በዚያ ሰዓት የሚያልቀው ዕቃ ተያይዘው በአንድ የበጀት መደብ የሚቀመጡበት ሥርዓት ገና አልተበጀም።

በዚህ ረገድ ማኅበራችን ለክልሉ ሊያቀርበው የሚችለው ሐሳብ ውስን ነው፤ ሊሠራ የሚችልም ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ አንድ ሠልጣኝ በአንድ ዓመት ስንት ኪሎ ኤሌክትሮድ፣ ስንት ሜትር ብረትና ጣውላ፣ ስንት ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደሚያስፈልገው ከምዘናው መስፈርት ተነሥቶ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች ተጨምረውበት በጥቂት ወራት ያልቃል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ሰነዱ ለበጀት ዝግጅት እንዲደርስ ቢያንስ በጥር ወር መጠናቀቅ ይኖርበታል። ከአሠልጣኞች ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባም በደብረ ታቦር ቢሆን ይመረጣል፤ የጋፋት ኮረብታ ከዚያ ቅርብ ነው፤ ለማየት የሚሻም ከስብሰባው በኋላ ደርሶ ይመለሳል።