በሬፕሊካ መኪና ላይ የውስጥ የበር እጀታ አገጣጠም

ሬፕሊካ የሚባለው የድሮ ዝነኛ መኪና መልክ ይዞ በአዲስ ዕቃ የሚሠራ ቅጂ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከተቀዱት መኪኖች አንዱ ኮብራ ነው። አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሲ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ቀላል መኪና ከፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ጋር አጋብቶ ያወጣው ሲሆን፣ ዛሬ መንገድ ላይ ከሚታዩት ኮብራዎች አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው። የዋናው ቦዲ አሉሚኒየም ነበር፤ የቅጂው ግን በአብዛኛው ፋይበር ግላስ ነው። ይህ ልዩነት እጀታ ሲገጠም ዋጋ አለው።

ኮብራ ከውጭ የበር እጀታ የለውም። ወደ በሩ ውስጥ የሚገባ መስታወትም የለውም። ሾፌሩ ክንዱን በበሩ ላይ አሳልፎ ከውስጥ ይከፍታል። በሌላ አነጋገር፣ የውስጡ እጀታ ብቸኛው መክፈቻ ነው። (በአዲስ አበባ በአሮጌ ላዳ ታክሲ የተሳፈረ ሰው፣ ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ በሩን ከውጭ ሲከፍት አይቶ ይሆናልና ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ብልሽት ነው፤ እዚህ ግን ንድፍ ነው።)

ሕጉስ ምን ይላል? የአሜሪካ ፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 206 ስለ በር መቆለፊያ የሚደነግግ ሲሆን ለቤት መኪኖች ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የበሩ መቆለፊያ ሙሉ በሙሉ ሲነክስ በቁመት 11,000፣ በአግድም 8,900 ኒውተን የሚጎትት ኃይል እንዲችል ያዛል። ዋናው ኮብራ ከዚህ ሕግ በፊት የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የወጣው ሕግ ደግሞ አነስተኛ አምራቾች በዓመት እስከ 325 ሬፕሊካ መኪና እንዲሸጡ ፈቅዶ፣ መኪናውን በሙሉነቱ ከሚመለከቱት ደረጃዎች ነጻ አደረጋቸው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ጎማ፣ መስታወትና የደኅንነት ቀበቶን የመሳሰሉ ዕቃዎች ግን ለየራሳቸው የወጣውን ደረጃ ማሟላት አለባቸው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ከደረጃ ነጻ መሆን ከተጠያቂነት ነጻ መሆን አለመሆኑን ነው። በሩ ተበርግዶ ሰው ቢወድቅ የካሳው ክስ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። እጀታው ከትንንሾቹ ዕቃዎች አንዱ ስለሆነና ስለሚያምር ቶሎ መግጠም ያጓጓል። ነገር ግን መጀመሪያ በሩ በማጠፊያው ላይ በትክክል መሰቀል፣ ዙሪያው ያለው ክፍተት መስተካከል፣ ከዚያም መቆለፊያውና በምሰሶው ላይ ያለው የሚነከሰው ብረት መገናኘት አለባቸው። በሩ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ መንከስ አለበት፤ የመጀመሪያው ንክሻ መጠባበቂያ እንጂ መዘጋት አይደለም። ይህ ሳይስተካከል የተገጠመ እጀታ በሩ በተነካ ቁጥር እንደገና ይፈታል።

ፋይበር ግላስ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብሎን በቀጥታ ቢታሰርበት ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፤ እጅ በየቀኑ ሲጎትተው ግን ቀዳዳው ይሰፋና እጀታው ይላላል። መፍትሔው ከኋላ የብረት ላሜራ አስገብቶ፣ አሳልፎ በሚወጣ ቡሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይፈታ ዳዶ ማሰር ነው። ጉልበቱን ላሜራው ያከፋፍለዋል። ሲበሳ በቦታው ላይ የቀለም ፕላስተር ይለጠፋል፤ በቀጭን ፑንታ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ትራፓኖውም አይጫንም፤ አለዚያ የላይኛው ቀለም ይፈነጠራል። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ያለ ጭንብል መሥራት አይገባም።

ከእጀታው ወደ መቆለፊያው የሚሄደው ዘንግ ወይም ገመድ ጥቂት መላላት ያስፈልገዋል፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ይበቃል። ተወጥሮ ከታሰረ መቆለፊያው ሙሉ በሙሉ አይነክስም፤ በሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። ከሁሉም የከፋው ጥፋት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። የእጀታው አቅጣጫም ይታሰብበት፦ ኮብራ ጠባብ መኪና ነውና የሾፌሩ ጉልበት ወይም ክርን ሳያስበው የሚጎትተው ቦታ ላይ መሆን የለበትም።

የመጀመሪያው ሙከራ በሩ ክፍት ሆኖ ይደረጋል። የመቆለፊያው መንጋጋ በካቻቪቴ ተገፍቶ እንዲነክስ ይደረግና እጀታው ይጎተታል። ሳይያዝ ከተፈታ፣ ሞላውም እጀታውን ወደ ቦታው ከመለሰው፣ ይህ ደጋግሞ ከተሞከረ በኋላ ብቻ በሩ ይዘጋል። በኮብራ ቢጠረቀምም ጣሪያ ስለሌለው ተንጠላጥሎ መውጣት ይቻላል። እንደ ፎርድ ጂቲ 40 ባሉ ባለ ጣሪያ መኪኖች ቅጂ ላይ ግን መስኮቱ እንደ ተራ መኪና ወርዶ ስለማይከፈት ነገሩ ቀልድ አይደለም።

የታፒሰሪው ሽፋን የመጨረሻ ነው። አዲስ ገመድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንሽ ስለሚለጠጥ፣ መኪናው ጥቂት ተነድቶ ገመዱ እንደገና እስኪስተካከል ድረስ ሽፋኑን ሳይገጥሙ መቆየት ይሻላል።