ክራር በየቤታችን



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ድንኳን፣ ስለ መዋጮና ስለ ቀሪ መቀጮ ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ ስለ ክራር እንጻፍ ስንል «እድርና ክራር ምን አገናኛቸው?» ያሉን አልጠፉም። እውነታቸውን ነው፤ ሐዘን በገባበት ቤት ክራር ይሰቀላል እንጂ አይነካም። ይሁን እንጂ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን እዚሁ ቦሌ አራብሳ በአንድ ሐዘን ላይ ያየነው ነገር ነው።

አንድ አባታችን ያረፉ ጊዜ ነው። ሳሎኑን ለለቀስተኛ ለማስለቀቅ ከአራተኛ ፎቅ ዕቃ ስናወርድ ከሶፋው፣ ከቴሌቪዥኑና ከጀሪካኑ ጋር አንድ ክራር ወርዶ ደረጃው ሥር ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ስናፈርስ ብናየው ሁለት አውታሮች የሉም። ለካ ልጆች ፈትተው ፌስታል አስረውበት ሲያበሩ ሰንብተዋል! ልጆቹን አልተቆጣናቸውም፤ ደረጃ ሥር የጣልነው እኛ ነን። የከነከነን ሌላ ነው። ከአርባው በኋላ ባለቤታቸው ክራሩን ወደ ስብሰባችን አምጥተው «እስቲ ከመሐላችሁ የሚቃኝ ካለ አስተካክሉልኝ» ሲሉ፣ ያ ሁሉ አባል በተቀመጠበት አንድ እጅ ብቻ ወጣ። እሱም ቢሆን «ልጅ ሳለሁ በቀበሌ ኪነት ሞክሬ ነበር፤ አሁን ጣቴ እሺ አይለኝም» አለ።

ታዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፣ ያነበብነውን እያገላበጥን፣ እትዬዎቻችንንና ጋሼዎቻችንን እየጠየቅን፣ ክራር ከማን ጋር እንደኖረ መከታተል የጀመርነው።

ክራር ትልቅ ዘር አለው። ሊዮናርድ ዉሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር፣ ዑር በምትባል ጥንታዊት ከተማ መቃብር ሲቆፍር፣ ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር ያላቸው የአውታር መሣሪያዎች አግኝቷል። ዕድሜያቸው ወደ 4,500 ዓመት ይጠጋል። ከሙታኑ ጋር የተቀበሩ ናቸው። (እኛ ቀባሪዎች ስለሆንን ይህን ነገር ተወያየንበት፤ ክራር ከባለቤቱ ጋር ባይቀበር ይሻላል ባዮች ነን።) ግብጾችም ግሪኮችም እንደዚሁ ያለ መሣሪያ ነበራቸው። በግሪኮች ዘንድ ነገሩ ሙዚየም ሲገባ፣ በእኛና በጎረቤቶቻችን ግን እስከ ዛሬ ከሰው እጅ አልወጣም። ኤርትራ ክራር አለ፤ ሱዳንና ኡጋንዳ የየራሳቸው አላቸው፤ የኬንያ ሉዎዎች ኛቲቲ የሚሉት ባለ 8 አውታር ነው።

በአገራችን ታላቅ ወንድሙ በገና ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ እየነዘረ የሚወጣውን ያንን ድምፅ የሚሰጠው በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው። የጾምና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ የተከበረ ነው። ማሲንቆ ደግሞ ባለሙያ አለው፤ አዝማሪው ከአባቱ ተምሮ ለልጁ ያስተምራል፣ እንጀራውንም ይበላበታል። ክራር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። በትምህርት ቤት፣ በጦር ሠፈር፣ በጠጅ ቤት፣ ከሥራ መልስ በሳሎን፣ ማንም ያነሣዋል። እኛ እንደገባን ከሆነ ደስታውም ጣጣውም ከዚሁ የመጣ ነው። የማንም የሆነ ነገር ሁሉም ካልያዘው የሚይዘው የለም።

አሠራሩ ያን ያህል አያስቸግርም። ገበቴ ወይም ጎድጓዳ የብረት ሳህን፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበር፣ 5 ወይም 6 አውታር፤ ይኸው ነው። ድሮ አውታሩ ጅማት ነበር፤ ቀጥሎ ናይለን መጣ፤ ዛሬ ብዙው የጊታር ክር ነው። አመታቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አውታሩን በየጣት እየነጠሉ መደርደር ነው። ሁለተኛው ግርፍ ይባላል፤ አንዱ እጅ ሁሉንም አውታር አንድ ላይ ሲገርፍ የሌላው እጅ ጣቶች የማይፈለገውን አውታር አፍነው ይይዛሉ። ጀማሪ ሰው ማፈኑ ነው የሚያስቸግረው፤ ጣት ከጆሮ በኋላ ነው የሚማር።

ቅኝቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ መሆኑን የማያውቅ የለም። ባቲና አምባሰል ወሎ ያሉ ቦታዎች ስም መሆኑንም እንዲሁ። አምስት ድምፅ ነው ያላቸው፤ ስድስተኛ አውታር ካለ የመጀመሪያውን ድምፅ በሌላ ከፍታ ይደግማል። ክራር እንደ ፒያኖ ሁሉን ድምፅ አንድ ላይ ይዞ ስለማይቀመጥ፣ ቅኝት በተለወጠ ቁጥር አውታር ማጥበቅና ማላላት ግድ ነው። ለምሳሌ ሜጀር ከሚባለው ትዝታ ወደ ማይነሩ ለመሄድ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። በቃ፣ ሁለት አውታር ብቻ! በዚያች በሁለቷ ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱ ይለወጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ክራር ያውቃል የምንለው መምታቱን ብቻ አይቶ አይደለም፤ መቃኘቱን ነው። ያረፉት አባታችን ይዘውት የሄዱትም እሱን ነው።

ጣጣው የስም ጣጣ ነበር። እግዚአብሔር ለዳዊት በገናን ቢሰጠው ሰይጣን ቀንቶ ክራርን ሠራ ሲባል ያልሰማ ከእኛ መሐል የለም። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቁጣም ብዙ ልጅ ክራሩን አልጋ ሥር እንዲደብቅ አድርጎታል። አንዲት እናታችን እንደነገሩን፣ በልጅነታቸው የወንድማቸውን ክራር ማጀት ገብተው ይነካኩ ነበር፤ አባት የበር ድምፅ ሲያሰሙ እህል ጎታ ውስጥ ይከቱት ነበር። ወንዱ ቢመታ «ዋልጌ» ይባላል፤ ሴቷ ብትመታ የሚሰጣት ስም ለመጽሔታችን አይሆንም። ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ያንን ስም ተሸክመው ነው ክራርን ያስከበሩት። አስናቀች በተውኔት መድረክም ስመ ጥር ነበረች፤ በ2004 ዓ.ም. አረፈች። ኢትዮፒክስ ተብሎ በፈረንሳይ አገር ከታተመው የሙዚቃችን ስብስብ 16ኛው ቅጽ እንዳለ የእሷ ነው፤ ርእሱም ባለ ክራሯ እመቤት ይላታል። እዚህ ስትናቅ ኖራ እዚያ እመቤት ተባለች፤ እንግዲህ ምን ይባላል።

የዘፋኝ ነገር በሌላም ጊዜ አደጋ ላይ ወድቋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ካሳደዷቸውና ከገደሏቸው ወገኖች መካከል ከጠንቋዩና ከባሕታዊው ጋር አዝማሪው ይገኝበታል። ወሬ በዜማ ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል ብለው ፈርተውት ነው። መፍራታቸው ትክክል ነበር፤ ያደረጉት ግን ግፍ ነው።

ከወረራው ትንሽ ቀደም ብሎ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነጻነት በኋላ የባህል መሣሪያዎችን መድረክ ላይ አወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ተከተለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት አንድ ላይ ተቀምጠው መጫወት ጀመሩ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ዞሮ በቴሌቪዥን ሳይቀር ታይቷል። ካሳ ተሰማም ክራሩን ይዞ ብቻውን ሲዘፍን በሸክላ ተቀርጾ በየቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቁጣ ትንሽ በረድ ያለ ይመስላል፤ አባትየው ራሱ ሸክላውን ገዝቶ ገብቷላ!

በደርግ ዘመን የሆነው ነገር ግራና ቀኝ ነው። በገና ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ ከሬዲዮ ጠፋ። ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማረውን በገና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1965 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሲያስተምር ቆይቶ በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርቱ ቆመ፤ እሱም ሱቅ ከፈተ። ክራር ግን ተቃራኒው ገጠመው። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመና ክራር የማይገኝበት ቀበሌ ጠፋ። መዝሙሩ የታዘዘ ነበር፤ ደስ የማይል ትዝታም ያለበት ብዙ ነው። ሆኖም እጃችን ላይ ክራር ያስቀመጠልን እሱ ነው ብንል ውሸት አይሆንብንም። ከመዝሙሩ ልምምድ በኋላ አሠልጣኙ ሲወጣ በዚያው ክራር ትዝታ እንመታ ነበር።

ሰዓት እላፊም ነበረ። ለዓመታት ማታ ከቤት አይወጣም። ግቢው አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ግድግዳው ጭቃ፤ በአንዱ ቤት ክራር ሲቃኝ አራት ቤት ይሰማል። አንዱ ጋሼ ከማዶ ክፍል ሆነው «ሁለተኛዋን ጥበቅ አድርጋት!» እያሉ በግድግዳ ያስተምሩት እንደነበር አንድ አባላችን እየሳቀ አጫውቶናል። መምህሩን በዓይን ሳያይ አምባሰልን ጨረሰ። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት የትም ተመዝግቦ አይገኝም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ገሚሶቻችን በዕጣ ገሚሶቻችን በልማት ተነሥተን እዚህ ስንመጣ ጎረቤት ተበተነ። ብሎኬት ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም፤ ያስተላልፋል፤ ግን ከማዶ ያለውን ሰው አናውቀውም። ስለዚህ «ጥበቅ አድርጋት» የሚለው ቀርቶ «ቀንሱ!» የሚል ማንኳኳት መጣ። ያረፉት አባታችን መስኮት ዘግተው በጨርቅ አፍነው ይመቱ እንደነበር ባለቤታቸው ነገሩን። ይኸን ስንሰማ ያንኳኳን ሰዎች ተያየን። አዎ፣ አንኳኩተናል።

ክራር ሞተ ለማለት ግን አንደፍርም። ሙላቱ አስታጥቄ ከ2000 ዓ.ም. ግድም አሜሪካ በሚገኘው በኤም አይ ቲ ክራርን በኤሌክትሮኒክስ ለማሻሻል ሠርቷል። ለንደን ውስጥ ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን በክራርና በከበሮ አዳራሽ ያናውጣል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ክራር ያስተምራል። እኛ የምናወራው ግን ስለ መድረኩ አይደለም፤ ከሥራ ገብቶ ጫማውን አውልቆ ለራሱ ስለሚመታው ሰው ነው።

ለእሱም ቢሆን ተስፋ አልጠፋም። የአባታችንን ክራር ያስተካከለው ያ የቀበሌ ኪነቱ አባላችንና አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናቸው። ልጁ ከስልኩ ላይ እያየ ነው የተማረው። ሰውየው ጆሮ አለው፣ ጣቱ ደርቋል፤ ልጁ ጣት አለው፣ ጆሮው ገና ነው። ጊዜው ሐምሌ ስለነበረ ቆዳው ረግቦ አላሰማ አለ። ድሮ ምድጃ ዳር ይሞቅ ነበር፤ በኮንዶሚኒየም ምድጃ የት ይገኛል? በመጨረሻ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ራቅ አድርገው ይዘው አሞቁት፤ እትዬ «እንዳታቃጥሉብኝ!» እያሉ ከጎናቸው አልጠፉም። ጠበቅ ሲል ትዝታ ቃኙት። እትዬ ትንሽ አዳመጡና «የሱ እንደዚህ አልነበረም፤ ሦስተኛዋ ዝቅ ትል ነበር» አሉ። ዝቅ አደረጉት። አምስተኛዋንም ራሳቸው አስለወጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሰሙ ኖረው ክራር ነክተው የማያውቁ ሴት፣ ቅኝቱን በጆሯቸው ይዘውት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በጋራ መጠቀሚያ ቤታችን ክራር አለ። ክራሩን እትዬ ለእድሩ በውሰት ሰጥተውናል፤ ከብረት ድስቶቹ በላይ በምስማር ተሰቅሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ያድራል። የሚማሩት 7 ናቸው፤ ሁለቱ ጡረተኞች ናቸው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። በብሎኩ ሐዘን ሲደርስ ክራሩ እስከ ሠልስት ይሰቀል የሚሉ አሉ፤ እስከ አርባ ድረስ ካልሆነ ነውር ነው የሚሉም አሉ። አባላችን ብዙ ስለሆነ እስከ አርባ ከተባለ ክራሩ ዓመቱን ሙሉ ላይወርድ ይችላል። እትዬን ብንጠይቃቸው «የኔ ሐዘን ጊዜ በሠልስቱ ብትመቱት ደስ ባለኝ፤ የሌላውን ግን እኔ አልወስንም» ብለውናል። ጉዳዩ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። አባላት ተዘጋጅታችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን፤ ቀሪ የተለመደውን መቀጮ ይከፍላል።