የፕሪም ዛፍ በሽታዎችና ተባዮች

ፕሪም እንደ ኮክ፣ ቼሪና አፕሪኮት በጠንካራ ድንጋይ መሰል ቅርፊት የተሸፈነ አንድ ዘር ያለው ፍራፍሬ ነው፤ አብዛኞቹን በሽታዎችና ተባዮችም ከእነዚህ ዘመዶቹ ጋር ይጋራል። ለገበያ በስፋት የሚለሙት የአውሮፓና የጃፓን ፕሪም ናቸው። በኢትዮጵያም በደጋማ ቦታዎች ይበቅላል። ዛፉን የሚያጠቁ ፈንገሶች፣ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶችና ነፍሳት ብዙ ናቸው። ምልክቱ ገሃድ ከወጣ በኋላ በሚረጭ መድኃኒት የሚድኑት ግን ጥቂት ስለሆኑ፣ ጠላቱ ዛፉን የሚይዝበትን ጊዜ ማወቅ ከመድኃኒቱ ምርጫ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ምርት የሚያወድመው ቡናማ የፍሬ መበስበስ ነው። ሞኒሊኒያ በሚባሉ ፈንገሶች የሚመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚያጠቃው አበባውን ነው። አበባው ጠውልጎ ይጠቁርና ከነተሸከመችው ቀንበጥ ይደርቃል። ሁለተኛው ዙር ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ ይመጣል። በልጡ ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ ትታያለች፤ በሞቃትና እርጥብ አየር በጥቂት ቀናት ውስጥ ፍሬውን በሙሉ ታዳርሳለች፣ ላዩም በግራጫ ሻጋታ ይሸፈናል። ከታመመው ፍሬ ጋር የተነካካ ጤነኛ ፍሬም ይያዛል። የበሰበሰው ፍሬ ብዙውን ጊዜ አይወድቅም። ተኮማትሮና ጠቁሮ ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይከርምና ለሚቀጥለው ዓመት አበባ የበሽታው ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ እነዚህን የደረቁ ፍሬዎች ከዛፉም ከመሬቱም ለቅሞ መቅበር ወይም ማቃጠል የመከላከያው መሠረት ነው። ይህን ያልሠራ ገበሬ ፀረ ፈንገስ መርጨቱ ገንዘብ ማባከን ይሆንበታል። እንጭጭ ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አሳስቶ መተው፣ ነፋስ እንዲገባም ቅርንጫፎቹን ማሳሳት ይረዳል። ርጭት ካስፈለገ ጊዜው አበባ ሲፈነዳና ከለቀማ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ፈንገሱ መድኃኒቱን እንዳይለምድ የተለያየ አሠራር ያላቸውን ማፈራረቅ፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን ቀንም በእሽጉ ላይ እንደተጻፈው መጠበቅ ግድ ነው።

የብር ቅጠል የሚባለው በሽታ በቁስል በኩል ይገባል። ፈንገሱ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ የሚያመነጨው መርዝ የቅጠሉን የላይ ሽፋን ከሥጋው ስለሚያላቅቀው፣ በመካከላቸው የሚገባው አየር ለቅጠሉ የብር መልክ ይሰጠዋል። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ መሐሉ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። የፈንገሱ ዘር የሚበተነው በእርጥብ አየር ስለሆነ፣ በብሪታንያ ፕሪም የሚገረዘው እንደ ፖም በብርዱ ወራት ሳይሆን ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ሞቃት ጊዜ ነው። ጉዳዩ በሕግ እስከመደንገግ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣው የብሪታንያ መመሪያ የዛፍ ባለቤቶች ደረቅ እንጨቱን በየዓመቱ እስከ ጁላይ አጋማሽ ቆርጠው እንዲያቃጥሉ ያስገድድ ነበር። የተያዘ ቅርንጫፍ ቡናማው ቀለም ካበቃበት 15 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ክፍል ገብቶ ይቆረጣል።

በሰሜን አሜሪካ የሚታወቀው ጥቁር ጉብታ በቅርንጫፍ ላይ ከሰል የመሰለ ሻካራ እብጠት ያወጣል። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሳለ እብጠቱ በግልጽ ስለሚታይ የሚቆረጠው ያኔ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው የግንድ ቁስል ፈዋሽ የለውም፤ የመዳብ ውህዶች ሥርጭቱን ከመቀነስ አያልፉም። ከግንድ የሚፈስ ሙጫ ግን ሁልጊዜ የበሽታ ምልክት ነው ማለት አይቻልም። የተቦረቦረ፣ የተመታ ወይም በውኃ ብዛት የተጨነቀ ዛፍም ሙጫ ያወጣል።

ከነፍሳቱ መካከል ብልሃተኛው በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የፕሪም ነቀዝ ነው። ርዝመቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንስቷ በረጅም አፏ እንጭጩን ፍሬ በስታ እንቁላል ትጥልና፣ ፍሬው ሲያድግ እንቁላሉን እንዳይጨፈልቀው ከሥሩ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ትሰነጥቀዋለች። ጠባሳው ተባዩን ለመለየት ይበቃል። ትሉ ያደገበት ፍሬ ያለ ጊዜው ይረግፋል፤ ትሉም ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል። የረገፈውን በየጊዜው መልቀም ዑደቱን ይሰብረዋል። ነቀዙ ሲደነግጥ እግሩን አጥፎ የሞተ ስለሚመስል፣ በጓሮ ላሉ ጥቂት ዛፎች የቆየ ዘዴ አለ፦ በማለዳ ከዛፉ ሥር ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ቅርንጫፉን መምታትና የወደቀውን ሰብስቦ መግደል። በአውሮፓ ፍሬውን የሚቦረቡረው የፕሪም የእሳት ራት ሲሆን፣ የእንስቷን ሽታ በያዘ ወጥመድ የወንዶቹን መምጣት እየተከታተሉ የርጭቱን ቀን ይወስናሉ።

ክሽክሽ ለጋ ቅጠል አጠማዞ ይመጥጣል፤ የሚያፈሰው ጣፋጭ ፈሳሽም ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። እንቁላሉ ብርዱን የሚያሳልፈው በቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ቅጠል ሳይወጣ የሚረጭ የአትክልት ዘይት ያፍነዋል። ያገኘውን ሁሉ የሚገድል ፀረ ተባይ ክሽክሽንና ሌሎች ተባዮችን የሚበሉ ነፍሳትን ጨርሶ ቀይ ሸረሪት ለተባለው ተባይ መንገድ ይከፍታል፤ አበባ ላይ ከተረጨ ደግሞ ንቦችን ይፈጃል።

የክሽክሽ ክፉው ጉዳት ሻርካ የተባለውን ቫይረስ ማዛመቱ ነው። በሽታው በመጀመሪያ የታወቀው በቡልጋሪያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ነው። ቅጠሉ ፈዛዛ ቀለበቶች ያወጣል፣ ፍሬው ጎድጉዶ ያለ ጊዜው ይረግፋል። ክሽክሹ ቫይረሱን በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚያስተላልፍ መድኃኒቱ ሳይገድለው በፊት ሥራውን ጨርሷል። አገር ለአገር የሚያሻግረው ደግሞ የታመመ ችግኝ ነው፤ ስለዚህ መከላከያው የተመረመረ ችግኝ መትከልና የታመመውን ዛፍ መንቀል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 በፔንሲልቬንያ ግዛት በአዳምስ አውራጃ ሲገኝ ዛፎች በገፍ ተነቅለው፣ አገሪቱ ከቫይረሱ ነጻ መሆኗ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ካናዳ ግን የማጥፋቱን ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2011 አቁማ ሥርጭቱን ወደ መግታት ዞረች። በጀርመን በሆሄንሃይም የተገኘው ዮዮ የተባለ ዝርያ ቫይረሱን የሚቋቋመው የተያዙትን ሕዋሳት ወዲያው በመግደል ነው፤ ቫይረሱ ሕያው ሕዋስ ስለሚያጣ ወደ ቀሪው ዛፍ አይዛመትም።