ቢጫዋ መብራትና የጋራዥ ቋንቋችን

"ቲቸር፣ የመኪናው ነገር ምን ደረሰ?" እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ መልሱ ይኸው። ረዘም ይላል። የታሪክ መምህር መኪናው ሲበላሽም ከምኒልክ ካልጀመረ አይሆንለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጌዋ ቶዮታዬ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች፤ ትንሽ መኪና፣ ከሥሯ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች። የጎማ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው፣ ትራክሽን ኮንትሮል የሚሉት ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ኤቢኤስ የምትለዋም ከጎኗ በራች። መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ ታዲያ ምን ቸገረኝ ብዬ ወራት ነዳሁ። አንድ ወዳጄ እንዲያውም "ጥቁር ፕላስተር ለጥፍባትና ተገላገል" ብሎ መከረኝ።

አንድ የዝናብ ሌሊት ግን ምጥ የያዛት የጎረቤት ልጅ ይዤ ከበዴሳ ወደ ሶዶ ስሄድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ። ጎማዎቹ ደርቀው ቀሩ፤ ያ ቀይ ጭቃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሳሙና ነው። መሪውን ባዞር አልታዘዝ አለኝ። ቦዩ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ቆመች። ልጅቷ ሶዶ ደርሳ በሰላም ተገላገለች፤ እኔ እጄ መንቀጥቀጡን ያቆመው ከነጋ በኋላ ነው።

መንሸራተት ከመኪና ጋር አብሮ የመጣ ጣጣ ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ዎልስሊ ሲድሊ አዲስ አበባ የገባችው ለመኪና የተሠራ መንገድ የሌለበትን አገር አቋርጣ ነው። ቀጥሎ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መንገዱንም ካሚዮኑንም ይዞ መጣ። እሱ ሲወጣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ፦ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ። (ጋራዥ ራሱ የፈረንሳይ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን።) እነዚህ ቃላት በጆሮ የሚሰማ፣ በእጅ የሚዳሰስ ማሽን ቃላት ናቸው። የድሮ መካኒክ ድምፁን ሰምቶ "ኩሽኔታ ነው" ይላችኋል፤ ኩሽኔታም ይሆናል።

ቢጫዋ መብራት ግን የሌላ ዘመን ልጅ ናት። አሜሪካ ውስጥ ቢዩክ እ.ኤ.አ. በ1971 የኋላ ጎማ ሲሽከረከር የሞተሩን እሳት ለቅጽበት የሚያቋርጥ መሣሪያ ሞክሮ ነበር፤ ብዙ አልዘለቀም። ዋናው መንገድ የተከፈተው በ1978 ነው፣ መርሴዲስ የቦሽን ኤቢኤስ ሲገጥም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ፍጥነቱን የሚቆጥር ሴንሰር ይቀመጣል፤ ፍሬን ሲያዝ አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ኮምፒዩተሩ ፍሬኑን ያላላለታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ያንኑ ነገር ገለበጡት። ነዳጅ ሲሰጥ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ ከዞረ ፍሬን ይያዝበት፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀነስ አሉ። ትራክሽን ኮንትሮል ይኸው ነው። የራሱ ዓይን የለውም፤ በኤቢኤስ ዓይን ነው የሚያየው። ሁለቱ መብራቶች አብረው የበሩትም ለዚህ ነው።

ከእነዚህ መኪኖች ጋር ወደ ጋራዣችን አዲስ ቋንቋ ገባ፦ ሴንሰር፣ ኮድ፣ ስካን። የመጀመሪያው መካኒኬ የዚህ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር። ከመሪው ሥር ስካነሩን ሰካ፣ ሲ0205 የሚል ኮድ ወጣ፤ የግራ የፊት ጎማ ሴንሰር ማለት ነው። መኪናዋ ስትሄድ ሦስቱ ጎማዎች ፍጥነት ሲያሳዩ የግራው ዜሮ ይላል። ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ኮዱ ጠፋ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ገና አስፋልቱን ሳልጨርስ በራች። ሄጄ አስጠፋሁ፤ ተመልሳ በራች።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሶዶ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ስካኑን ልጃቸው አነበበላቸው፤ ያው ኮድ። እሳቸው ኮዱን ትተው እኔን ጠየቁኝ።

"መምህር፣ መብራቷ ከመብራቷ በፊት መኪናዋን ምን አስነክተዋታል?"

"ምንም አላስነካሁም ጋሼ።" ትንሽ ቆይቼ ግን ትዝ አለኝ። "የግራው ጎማ ሲያጉረመርም ጊዜ ኩሽኔታ ቀይሬያለሁ።"

ሳቁ። ስንት ዓመት ተማሪዎቼን "ከክስተቱ በፊት ምን ነበር?" እያልኩ ያፋጠጥኩ ሰው፣ ለራሴ መኪና አልጠየቅኩም።

የእኔ መኪና ኩሽኔታ አንዱ ጎኑ ላይ ጥቁር ጎማ መሳይ ቀለበት አለው፤ ውስጡ ለዓይን የማይታዩ ማግኔቶች ተደርድረዋል። ሴንሰሩ የሚቆጥረው እነሱን ነው። አዛውንቱ አዲስ ኩሽኔታ አምጥተው ቀጭን የወረቀት ክሊፕ በሁለቱም ጎን አስጠጉ፤ በአንዱ በኩል ብቻ ሳብ አደረገው። ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። የእኔ ሲፈታ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ለኩሽኔታነቱ እንከን የለውም፣ ጎማው ጸጥ ብሎ ይዞር ነበር፤ ሴንሰሩ ግን የሚቆጥረው ነገር አጣ። በፕሬስ ተገፍቶ ሲወጣ ስለሚጎዳ ሌላ ገዛሁ፤ በትክክል ተገጠመ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ ዳሞትን እያየን ዞር ዞር አልን። አራቱም ጎማዎች አንድ ፍጥነት አሳዩ።

በጣሊያንኛ ስሙ የምንጠራው ዕቃ የእንግሊዝኛውን ሥራ ደርቦ ይዞ፣ እኛ ጋራዥ ውስጥ ሁለቱን ለየብቻ ስናክም ከረምን።

የእናንተ መብራት የግድ ይህ አይደለም። ጭቃ የበላው ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ቶዮታዎች የሞተር ብልሽት ራሱ ይህችን መብራት ያበራል። ኮዱን አስነብቡ፣ ከዚያ በፊት የተነካውን ንገሯቸው። አሮጌ መኪና ስትገዙ ደግሞ ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩ ሳይነሳ ዳሽቦርዱን እዩ። ጤነኛዋ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች ፕላስተሩን ፈልጉ።

ሳይበላሽ የተቀየረው የድሮ ሴንሰሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሚያስፈልገው ካለ ይውሰድ።