የባንኮኒው ጉዞ፦ ስለ ትንንሽ ስመ ጥር መደብሮች ውስጣዊ ሥርዓት

በዘመናችን በታላላቅ የገበያ ማዕከሎች ውስጥ በአንድ ስም፣ በአንድ ዓይነት ቀለምና በአንድ ዓይነት የብርሃን ድምቀት ተሸልመው የሚታዩት ትንንሽ መደብሮች፣ ለአላፊ አግዳሚው ዐይን እንዲያምሩ ብቻ የተሠሩ ቢመስሉም፣ ከወለላቸው እስከ ጣራቸው ያለው ሥርዓት በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከብዙ ፈተናና ከብዙ ኪሳራ በኋላ የተገኘ ነው። ስለ ቀለሙና ስለ ጌጡ የሚናገር ሰው አይጠፋም፤ ለእኔ ግን ይህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ በአንድ ግዑዝ ዕቃ፣ ማለት በባንኮኒው ነው። ባንኮኒው ጥንት የት ቆሞ ነበር፣ ማንስ ከቦታው አነሣው፣ ዛሬስ ወዴት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የመደርደሪያውንም የመብራቱንም የበሩንም ነገር በዚያው መንገድ ላይ ያገኘዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በጥንቱ ሱቅ ሥርዓት ገዢው ከሸቀጡ ጋር እጅ ለእጅ አይገናኝም ነበር። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሕዝቡ «ዓረብ ቤት» ይላቸው የነበሩትን፣ ከየመን የመጡ ነጋዴዎች የሚነግዱባቸውን ሱቆች ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ድካም አያሻውም። ገዢው ከባንኮኒው ወዲህ፣ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ከደጅ ቆሞ «ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና» ሲል፣ ባለሱቁ ከበስተኋላው ካለው መደርደሪያ እያወረደ፣ በሚዛን እየመዘነ፣ በጋዜጣ እየጠቀለለ ያቀብለዋል። የቅዱሱ ሥፍራ ክብር የተጠበቀ ይሁንና፣ ምእመኑ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ መቅደሱን ከመጋረጃው ማዶ እንደሚያስበው፣ ገዢውም ሸቀጡን ከባንኮኒው ማዶ ይመለከተዋል እንጂ እጁን አይዘረጋበትም፤ ወደዚያ የሚገባው ባለሱቁ ብቻ ነው። በአሜሪካም ቢሆን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ የምግብ ሸቀጥ መደብር ከዚህ እምብዛም አይለይም ነበር፤ ብስኩቱ በበርሜል፣ ዱቄቱና ስኳሩ በትልልቅ ሣጥን ተቀምጦ፣ ሠራተኛው የገዢውን ዝርዝር ተቀብሎ አንድ በአንድ እየመዘነ ያመጣለታል፤ ለታመነ ደንበኛም በዱቤ ይሰጠዋል፣ ከቤቱም ድረስ ይልክለታል። በእንዲህ ያለ ቤት ስለ ውስጣዊ ንድፍ ማሰብ ትርፍ ድካም ነበር፤ ሱቁን የሚያሳምረው የባለሱቁ አንደበት ነበርና።

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ ያናጋው የካርቶን ሣጥን ነው። በ1898 የተቋቋመው ናሽናል ቢስኩት የተባለው ኩባንያ ብስኩቱን ከበርሜል አውጥቶ፣ እርጥበት በማያስገባ ማሸጊያ ጠቅልሎ፣ ስሙንና ምልክቱን በላዩ አትሞ ለገበያ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ይህንኑ ፈለግ በተከተሉ ጊዜ፣ ሸቀጡ ስለ ራሱ የሚናገርበት አንደበት አገኘ፤ ሚዛኑም ቀስ በቀስ ሥራ ፈታ። ከዚህ በኋላ በባንኮኒው ማዶ ቆሞ ማቀበል ብቻ የቀረው ሠራተኛ ስለ ምን ደመወዝ ይከፈለዋል የሚለው ጥያቄ ሳይውል ሳያድር የሚመጣ ነበር።

ጥያቄውን አንሥቶ በሥራ የመለሰው በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ይኖር የነበረው ነጋዴ ክላረንስ ሳውንደርስ ነው። ይህ ሰው በሴፕቴምበር 1916 በጀፈርሰን ጎዳና ላይ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ሲከፍት፣ ባንኮኒውን ከነበረበት ነቅሎ ወደ በሩ ወሰደው። ገዢው በአንድ ወገን ባለች ተሽከርካሪ በር ይገባል፣ ዘንቢል ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፊት መሄድ እንጂ ወደ ኋላ መመለስ እንዳይመች ተደርጎ በተሠራው መተላለፊያ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተጠማዘዘ፣ የሚፈልገውንም የማይፈልገውንም እያየ፣ ዋጋው የተጻፈበትን ሸቀጥ በገዛ እጁ እያነሣ ይጓዛል፤ በመጨረሻም ሌላ መውጫ ስለሌለው ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት ይደርሳል። ቤቱ በሦስት የተከፈለ ሲሆን፣ በስተፊት መግቢያውና መክፈያው፣ በመካከል የሸቀጡ ክፍል፣ በስተኋላ ዕቃ ቤቱ ነበረ፤ ከፍ ብሎም ተቆጣጣሪዎች ገዢውን ሳያውኩ ቁልቁል የሚመለከቱበት ሰገነት ተሠርቶ ነበር። ዱቤና ወደ ቤት መላክ ቀርተው ገዢው በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ እንዲሄድ ስለ ተደረገ፣ ዋጋው ከጎረቤቱ ሱቅ ሊረክስ ቻለ።

የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ሥራ በኦክቶበር 1917 የባለቤትነት መብት ሰጠው። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ፣ መብቱ የተሰጠው ለአንድ መኪና ወይም ለአንድ መድኃኒት ሳይሆን ለአንድ ቤት የውስጥ አከፋፈል፣ ለመደርደሪያና ለመተላለፊያ አቀማመጥ መሆኑ ነው፤ የመደብር ንድፍ እንደ ሀብት የተቆጠረበት ቀን ቢፈለግ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም። ብዙ ጸሐፊዎች ሳውንደርስ ገዢውን ነጻ አወጣው ይላሉ። ነገሩ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ የገዢው እጅ ሲፈታ እግሩ ታሰረ፤ የሚያነሣውን ቢመርጥም የሚሄድበትን ሌላ ሰው መርጦለታልና።

ሳውንደርስ በ6 ዓመት ውስጥ ከ1000 በላይ መደብሮች በእርሱ ሥርዓት እንዲከፈቱ ካደረገ በኋላ፣ በ1923 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ውስጥ በገጠመው ትግል ተሸንፎ ኩባንያውን ዐጣ። ለመኖሪያው ያሠራው የነበረው በሮዝ እብነ በረድ የተለበጠ ታላቅ ቤት ሳይፈጸም ከእጁ ወጥቶ የከተማው ሙዚየም ሆነ፤ የመጀመሪያው መደብሩም አምሳያ በዚያው ሙዚየም ውስጥ ተሠርቶ ለጎብኚ ይታያል። ዳግመኛም በ1937 ሸቀጡ በመስተዋት ውስጥ ታይቶ በመኪና ኃይል ወደ ገዢው የሚመጣበትን ኪዱዝል የተባለ መደብር አቋቁሞ ነበር፤ መኪናው እየታወከ አልዘለቀለትም። ባንኮኒውን ነቅሎ የወሰደው ሰው ገዢውን መልሶ ከሸቀጡ ለመለየት መሞከሩ ለእኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የትንሿ መደብር የዘር ሐረግ ግን ከሌላ ወገን ይመዘዛል። በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ በ1927 የተቋቋመ ሳውዝላንድ የተባለ የበረዶ ኩባንያ ነበረ። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሳይገባ፣ ሰው ከበረዶ ማከፋፈያው መድረክ ፊት መኪናውን አቁሞ በረዶ ገዝቶ ይሄድ ነበርና፣ ኦክ ክሊፍ በሚባለው ሰፈር የነበረው የማከፋፈያው ኃላፊ ጆን ጀፈርሰን ግሪን ሌሎች ሱቆች በሚዘጉበት ምሽትና በእሑድ ቀን ወተት፣ ዳቦና እንቁላል ከበረዶው አጠገብ አስቀምጦ መሸጥ ጀመረ። ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የነበረው ጆ ቶምፕሰን ነገሩን አይቶ ወደ ሌሎቹ ማከፋፈያዎች አስፋፋው፤ ሠራተኞቹም ገዢው በየትም ቦታ ቢገባ አንድ ዓይነት መስተንግዶ እንዲያገኝ አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ። ከመደብሮቹ ባንዱ ፊት ከአላስካ የመጣ የተቀረጸ የእንጨት ዐምድ ተተክሎ ነበር፤ መደብሮቹም ቶተም ተባሉ። በ1946 ደግሞ ከጧቱ 7 እስከ ምሽቱ 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት በመሆናቸው፣ ሰዓቱ ራሱ ስም ሆኖ ሰቨን ኢለቨን ተባሉ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦስቲን ከተማ ከእነዚህ መደብሮች አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይዘጋ ማደር ሲጀምር፣ ሌላ ባላጋራ ተነሣ፤ እርሱም ወንበዴ ነው። ብቻውን የሚያድር ገንዘብ ተቀባይ ከመደብሩ ጥልቅ ቆሞ፣ መስኮቱ በማስታወቂያ ወረቀት ተሸፍኖ ሲታይ፣ ለዘራፊ የተዘጋጀ ማዕድ ነበር። ኩባንያው በ1970ዎቹ ከተመራማሪዎች ጋር፣ በዝርፊያ ታስሮ የነበረ ሰውም ሳይቀር አማክሮ ባደረገው ጥናት፣ ወረቀቱ ከመስተዋቱ እንዲነሣ፣ ብርሃኑ እንዲበዛ፣ በሣጥኑ የሚያድረው ገንዘብ ጥቂት እንዲሆን፣ ከሁሉም በላይ ገንዘብ መቀበያው ከመንገድ ወለል ብሎ እንዲታይ ተደረገ፤ በተፈተኑትም መደብሮች ዝርፊያው ቀነሰ። እንግዲህ በእነዚህ መደብሮች ዘንድ የምናየውና ጌጥ የሚመስለን የብርሃን ብዛትና የመስተዋቱ ጥራት፣ አንዱ ምክንያቱ የሌሊት ፍርሃት መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ተሻሽሎ ፍጹም መልክ የያዘው ግን በጃፓን ነው። በዚያ አገር በ1973 ታላላቅ መደብሮች እንደ ልብ እንዳይስፋፉ የሚገታ ሕግ ወጣ፤ ኢቶ ዮካዶ የተባለው የንግድ ድርጅት በዚያው ዓመት ከዳላሱ ኩባንያ ፈቃድ ገዝቶ፣ በሜይ 1974 በቶኪዮ ቶዮሱ በሚባለው ሰፈር የመጀመሪያውን መደብር ከፈተ። ቤቱ ቀድሞ የመጠጥ መሸጫ የነበረ፣ ባለቤቱም ከአባቱ የወረሰ ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በትሮይ ከተማ፣ በመስመር የተጻፈው የሸቀጥ መለያ ለመጀመሪያ ጊዜ በመደብር ባንኮኒ ላይ በአንድ ጥቅል ማስቲካ ተነበበ፤ የቶኪዮው ኩባንያም በ1982 የእያንዳንዱን ሸቀጥ ሽያጭ በባንኮኒው ላይ የሚመዘግብ መኪና በመደብሮቹ አስገባ።

የጃፓኑ መደብር ጠባብ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ማዕዘን ታስቦበታል። መጽሔቱ በመንገዱ በኩል ባለው መስተዋት ሥር ይደረደራል፤ ሰዎች ቆመው ሲያነቡ ከውጭ ስለሚታዩ ቤቱ ባዶ አይመስልም፣ ሌባም ይፈራል። መጠጡ ከሁሉ ርቆ በስተኋላው ግድግዳ ባለ መስተዋት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውኃ ሊገዛ የገባ ሰው ሌላውን ሸቀጥ ሁሉ አልፎ መሄዱ አይቀርምና። ማቀዝቀዣውን ቀርቦ ላየው ሌላ ምሥጢር አለው፤ መደርደሪያው ወደ ፊት ዘንበል ያለ ስለ ሆነ አንዱ ጠርሙስ ሲነሣ ተከታዩ በራሱ ክብደት ተንሸራትቶ ቦታውን ይይዛል፤ ሠራተኛውም ከበስተጀርባ ካለው ቀዝቃዛ ክፍል ሆኖ፣ ለገዢው ሳይታይ፣ አዲሱን ከኋላ ይሞላል፤ አሮጌውም ቀድሞ ይሸጣል። የሩዝ ጥቅሉና የምሳ ሣጥኑ ደግሞ ወደ ባንኮኒው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሳውንደርስ በተሽከርካሪ በርና በጠባብ መተላለፊያ ያስገደደውን ጉዞ፣ ጃፓኖቹ ያለ አጥር በጥማትና በረኀብ አቅጣጫ አስጓዙት።

እነዚህ ትንንሽ መደብሮች ዛሬ የሚገኙበት የገበያ ማዕከል ታሪክ ደግሞ በአጭሩ ይህ ነው። ከቪየና በ1938 ተሰድዶ አሜሪካ የገባው መሐንዲስ ቪክቶር ግሩን፣ አስቀድሞ በኒው ዮርክ የመደብር ፊት በመንደፍ ስም ያተረፈ፣ በ1956 በሚኒሶታ ግዛት በኢዳይና ሳውዝዴል የተባለውን፣ ጣራ የለበሰ፣ ክረምት ከበጋ አየሩ የማይለወጥ የገበያ ማዕከል ሠራ። ሐሳቡ ዛፍና ወፍ ያለበት የከተማ አደባባይ ለመፍጠር ነበር፤ ነጋዴዎች ከአደባባዩ ይልቅ ኪራዩን ወደዱት፤ እርሱም በስተርጅናው ሥራውን ካደ። በዚህ ጣራ ሥር የገባች ትንሽ መደብር ከመንገድ ተለይታለች፤ ዝናብና ብርድ ስለማያሰጋት የፊት ግድግዳዋን አንሥታ በምሽት የሚወርድ መዝጊያ ብቻ ታስቀራለች፤ የምልክቷን መጠንና የብርሃኗን ድምቀት የሕንጻው ባለቤት ይወስንላታል፤ በመስተዋት ሥር ቆሞ የሚያነብ ሰው ለማንም ማስታወቂያ አይሆንላትም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ መደብሯን ከሩቅ የሚያስታውቃት የጣራዋ ሥር ቀለምና በመግቢያው አጠገብ የሚታየው ባንኮኒ ነው።

ያም ባንኮኒ እንደ ገና እየሰፋ ነው። በላዩ ቡና ይቀዳበታል፣ ትኩስ ምግብ በመስተዋት ሣጥን ይሞቅበታል፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ ይከፈልበታል፣ የተላከ ዕቃ ይረከቡበታል፤ በአሜሪካም በስተኋላው ቆመው ሌሊቱን የሚያነጉ፣ ኋላም የመደብሩ ባለቤት የሆኑ የአገራችን ልጆች ጥቂት አይደሉም። ሸቀጡ ያለ ባለሱቁ አንደበት ይሸጥ ዘንድ የተባረረው ሰው፣ ሸቀጥ ያልሆነውን ነገር ለመስጠት ተመልሶ ተፈለገ ማለት ነው። የጃፓኑ ሰቨን ኢለቨን በ2017 አዲሱን የመደብር ንድፍ ይፋ ሲያደርግ የመጽሔቱ መደርደሪያ ዐጠረ፤ የባንኮኒው ርዝመት ጨመረ።