በሸክላ የተሰማ ቅዳሴ

ባሮክ በተባለው የአውሮፓ የዜማ ዘመን ከተነሡት ሊቃውንት መካከል ጀርመናዊው ዮሐንስ ሰባስትያን ባኽ እጅግ የተመሰገነ ነው። እርሱም ቢ ማይነር የሚባለውን ቅዳሴ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በ1733 ለሳክሶኒያ መስፍን አቅርቦ፥ ሙሉውን በ1749 ገደማ ፈጸመ፤ በ1750ም ዐረፈ። በሕይወቱ ሳለ ድርሰቱ በሞላው ሲዘመር ስለ መስማቱ ማስረጃ የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በ1859 በላይፕሲክ ከተማ በሙሉ ተዘመረ። በ1929ም አልበርት ኮትስ ለንደን ላይ መዘምራኑን እየመራ በ17 ሸክላ አስቀረጸው።

ሸክላውን ያዞረ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ኪርያላይሶን» ነው። በአምስት ወገን የተከፈሉት መዘምራን በአንድነት ከጮኹ በኋላ፥ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ ምሕረትን ይለምናሉ። በስቅለቱ ክፍል ደግሞ ከሥር የሚሄደው የመሣሪያ ድምፅ አንዱን የኀዘን ዜማ 13 ጊዜ ይመላልሳል፤ መዘምራኑም ወደ መቃብር እንደሚወርድ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ይላሉ። ወዲያው የትንሣኤው ዝማሬ ከመለከት ጋራ ይነሣል።

እንዲህ ያለው ዜማ አንድ ጊዜ ሰምተው የሚጠግቡት አይደለም፤ ሸክላ ግን ደጋግሞ ያሰማል። ባኽ በወረቀት ጽፎ ትቶት የሄደውን ሙሉ ቅዳሴ የወደደ ሁሉ በቤቱ ተቀምጦ ለመስማት መቻሉ፥ ከዘመናችን ጥበብ የተገኘ ታላቅ በረከት ነው።