ከእልፍኝ ደጅ እስከ ትኬት ቤት

አዲስ አበባ ላይ አንበሳ ማየት የፈለገ ሰው ዛሬ ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ነው። ሌላው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለሚያይ ሰው ሁለተኛው እንግዳ አይደለም፤ በዚህ አገር አራዊት ከቤተ መንግሥት ርቀው አያውቁምና። አዲስ ነገር ቢኖር ትኬቱ ነው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ንግድ ይዞት ወደ አዱሊስና አክሱም የመጣው ግብፃዊው ኮስማስ፣ በንጉሡ ግቢ ስለሚኖሩ ቀጭኔዎች ጽፏል። በንጉሡ ትእዛዝ ገና በግልገልነታቸው ተይዘው የተላመዱ ነበሩ። ወተት ወይም ውሃ በገበታ ሲቀርብላቸው አንገታቸው መሬት አልደርስ ስለሚላቸው የፊት እግሮቻቸውን አንፈራጥጠው እንደሚጠጡ አንድ በአንድ ይተርካል። ቀጭኔ ውሃ ሲጠጣ ላየ ሰው ይህ የዓይን ምስክር ቃል መሆኑ አያጠራጥርም። በዚያው ዘመን ከቢዛንታይን የመጣ መልእክተኛ ደግሞ የአክሱሙን ንጉሥ ያየው በአራት ዝሆኖች በሚጎተት፣ ወርቅ በተለበጠ ሰረገላ ላይ ቆሞ ነው። አውሬውን ማላመድ የሥልጣን ምልክት ነበር። ተራው ሕዝብ ቀጭኔዎቹን ለማየት ግቢ ገብቶ እንደሆነ ግን የነገረን የለም።

የተላመደውን አውሬ መስጠትም ሌላ የሥልጣን ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1621 የሕንዱ ሞጉል ንጉሥ ጃሃንጊር ከሐበሻ ምድር የመጣ የሜዳ አህያ ቀረበለት። አጠገቡ የነበሩ አንዳንዶች መስመሮቹ በቀለም የተቀቡ መስሏቸው ጠረጠሩ፤ ሲመረመር ግን የተፈጥሮ ሆኖ ተገኘ። ሠዓሊው መንሱር እንስሳውን ሳለው፣ ንጉሡም ከየት እንደመጣ በገዛ እጁ ሥዕሉ ላይ ጻፈ። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የምኒልክ ነገር አለ። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ገደማ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩላቸው። ፓሪስ ሲደርስ ሊቃውንቱ መስመሩ የቀጠነ፣ ጆሮው ክብ ሆኖ የሰፋ፣ ከሚያውቁት የተለየ ዝርያ መሆኑን አዩ። ኡስታሌ የተባለው ተመራማሪ ስም ሲያወጣለት በተቀባዩ ስም ጠራው። እስከ ዛሬ የግሬቪ የሜዳ አህያ ይባላል፤ የላኪው ስም የትም የለበትም። (አውጪው ሸዋ ላይ ቢሆን ስሙ ሌላ በሆነ ነበር።) ይኸው እንስሳ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 3 ሺህ ገደማ ነው። አብዛኛው ኬንያ ውስጥ ሲሆን፣ እኛ ጋ በአፋሩ አለዴጊና በደቡቡ ቆላ ጥቂት መንጋ ይታያል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጅብ ልከዋል። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙም አንበሶች ይዘው ሄደው ለፈረንሳይ መሪዎችና ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ ሰጥተዋል።

ከስጦታው ጎን ለጎን ንግዱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አካባቢ የሚያዙ ዝሆኖች፣ ቀጭኔዎችና ሰጎኖች በቀይ ባሕርና በስዊዝ በኩል ወደ ሃምቡርጉ ነጋዴ ወደ ካርል ሃገንቤክ ይጋዙ ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1907 በሃምቡርግ አጠገብ ባቋቋመው መናፈሻ የብረት ፍርግርጉን አንሥቶ አንበሳውንና ተመልካቹን በጥልቅ ቦይ ለያቸው። ዛሬ «ዘመናዊ ማቆያ» ተብሎ የሚሞገሰው ሁሉ መነሻው ይህ ነው። እኔ ግን ሳስበው ቦዩ በመጀመሪያ የጠቀመው ተመልካቹን ይመስለኛል። ብረቱ ከዓይኑ ሲወገድለት ኅሊናውም ቀለለው፤ የአንበሳው መሬት ግን የቦዩን ያህል አልሰፋም።

ስድስት ኪሎ ሲመሠረት የሃገንቤክ ሐሳብ አርባ ዓመት አልፎታል። ግቢውን በ1940 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው መጡ በሚባሉ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ተጀመረ። ክፍሎቹ ክብ ሠርተው የተደረደሩ፣ በብረት የታጠሩ ናቸው። ከቀድሞው ሁሉ የሚለየው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ በሩ ለሕዝብ ተከፈተ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ አንበሶቹ አልወረዱም። አብዮቱ ዘውዱን ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ራስ ላይ ሲያነሣ፣ የስድስት ኪሎዎቹን ግን መቀለብ ቀጠለ።

ቀለቡ ግን ሁልጊዜ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታና ገንዘብ በማጣት ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ ሬሳቸው ቆዳ ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ እንደሚሸጥ የዓለም ዜና ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ በላይፕዚግ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ከግቢው 15 አንበሶች ናሙና ተወስዶ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር ሲነጻጸር፣ የእኛዎቹ፣ ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው፣ በንጽጽሩ ከተካተቱት ሁሉ በዘረ መል የተለዩ ሆኑ። አጥኚዎቹ ዘሩ ሳይጠፋ በእቅድ እንዲራባ መከሩ። በመርዝ ያለቁት ደቦሎች የዚሁ ዘር ነበሩ።

ስለዚህ የአራዊት ማቆያ በአዲስ መልክ ተሠራ፣ አዲስ እንስሳ ገባ ሲባል እኔን የሚያሳስበኝ የውበቱ ጉዳይ አይደለም። አንድነት ፓርክ ከስድስት ኪሎው ክብ ያምራል፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ግን የሚያምር በር ዘር አያቆይም። ዘር የሚቆየው የየትኛው ደቦል አባትና እናት ማን እንደሆኑ በመዝገብ ሲያዝ፣ ዘመዳሞቹ እርስ በርስ እንዳይራቡ ሲደረግ፣ ሴቶቹም ከወንዱ የሚሸሸጉበት ጥግ ሲያገኙ ነው። በሰባት አንበሶች የተጀመረውን ጠባብ ደም ለማስፋት ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ጋር የሚያገናኝ ሥራም ያስፈልጋል። ከሩቅ አገር እንስሳ ለማምጣት የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

አንባቢም የድርሻውን ይወጣ። ልጆችዎን ይዘው ሲሄዱ ብስኩት አይወርውሩ፤ አንበሳው እንዲነሣ ብለውም ድንጋይ አይጣሉ፤ በቀን ብዙውን ሰዓት መተኛት ጤንነቱ እንጂ ስንፍናው አይደለም። ከመውጣትዎ በፊት ግን ቀላቢውን ፈልገው በዚህ ዓመት ስንት ደቦል እንደተወለደና ስንቱ እንዳደገ ይጠይቁት።